ለቅሶ ቤት ያደረው በር

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ አርሴማ ደሳለኝ
ዕድሜ፦ 25
አድራሻ፦ ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ፣ ላይ ሰፈር
የትምህርት ደረጃና ሥራ፦ በሲቪል ምህንድስና ዲግሪ፤ ሥራ በመፈለግ ላይ
ጉዳዩ፦ ተሰብሮ ተሰርቋል የተባለ የሰፈር በር
አቤት ባይ፦ አቶ ታረቀኝ፣ በላይ ሰፈር ነዋሪዎች ስም
ተጠርጣሪ፦ አቶ ሀሚዱ፣ ታች ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው፣ ጠሪ ሳይላክብኝ በራሴ እግር መጥቼ የማውቀውን እንደሚከተለው አስመዝግቤአለሁ።

የመጣሁት አቶ ሀሚዱ በመታሰራቸው ነው። አቶ ሀሚዱ በታች ሰፈር የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪ ሲሆኑ፣ ማክሰኞ ነሐሴ 20 ቀን ልጃቸውን ኢምራንን ቀብረው በማግስቱ ጠዋት ከለቅሶ ቤታቸው ተወስደዋል። የላይ ሰፈርን በር ሰብረው ሰርቀዋል ተብለው ነው። በሩን ከማጠፊያው ያነሳሁት እኔ ነኝ። አልተሰበረም፤ አልተሰረቀም። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጻፍልኝ ስጠይቅ መርማሪው "በተራው ይመጣል" ብለውኝ ነበር። እሳቸው ታስረው ተራ ምን ያደርጋል ብዬ ስላስቸገርኳቸው ከላይ ተጽፎልኛል።

ከሟች ጋር ያለኝን ግንኙነት ተጠይቄ፦ ኢምራን የጡት ወንድሜ ነው። እናቴ እኔን በወለደች ሰሞን ታማ ደሴ ሆስፒታል ስትተኛ፣ የኢምራን እናት ወይዘሮ መስኡዳ እሱን ገና ጡት አላስጣሉትም ነበርና ወስደው አጠቡኝ። እናቴ ድና እስክትመለስ ያደግሁት በሳቸው ጡት ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እነሱ ሙስሊም ናቸው፤ ይሁንና ወይዘሮ መስኡዳን እስከ ዛሬ "እማ" ብዬ ነው የምጠራቸው። ኢምራንም "እህቴ" ሲለኝ ለወግ ብሎ አልነበረም። ጎረምሳና ኮረዳ ሆነን አብረን ስንሄድ እንኳ ያማን ሰው የለም፤ የጡት ልጆች መሆናችንን አገር ያውቅ ነበር።

የሰፈሩን አቀማመጥ እንዳስረዳ ተጠይቄ፦ ከደሴ ወልድያ አስፋልት ተነስቶ ወደ ሐይቁ የሚወርድ አንድ መንገድ አለ። የላይኛው ግማሽ አብዛኛው ዓረብ አገር በሠሩ ልጆች ገንዘብ የተገነባ፣ የግንብ አጥር ያለው ቤት ነው፤ ላይ ሰፈር ይባላል። የታችኛው ግማሽ ታች ሰፈር ሲሆን አስጋሪዎቹና የድሮዎቹ ሰዎች ይኖሩበታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሁለቱም ሰፈር አለ። ቅሬያችን አንድ ነው፤ ሰው ሲሞት አብረን ነው የምንቀብር። የቅሬው ድንኳን፣ ድስትና ቃሬዛ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ያለው ላይ ሰፈር ነው። መስጊዱና የሙስሊሞች መቃብር ከአስፋልቱ ማዶ በመሆናቸው፣ ታች ሰፈር የሞተ ሰው በዚያው መንገድ ወጥቶ ነው የሚቀበር። በባህር ዛፉ በኩል የሚዞር ሌላ መንገድ ቢኖርም ክረምት ሲሆን ውሃ ይተኛበታል።

በሩ እንዴት እንደተሠራ ተጠይቄ፦ በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ ሸሽተን ስንመለስ የላይ ሰፈር ቤቶች ተዘርፈው አገኘናቸው። ማን እንደዘረፈ ያየ የለም፤ አብሮ የሸሸ ሰው በምን ዓይኑ ያያል። ከዚያ ወዲህ ግን የላይ ሰፈር ሰው ዶሮ ሲጠፋበት እንኳ ዓይኑን ወደ ታች መጣል ለመደ። በዚህ ዓመት የካቲት ወር ከአቶ ዘይኑልአቢዲን ግቢ የውሃ ፓምፕ ሲጠፋ፣ ሰፈሩ ተከልሎ በር ይኑረው ወይስ እንዳለ ይቆይ የሚል ስብሰባ በአቶ ታረቀኝ ግቢ ተጠራ። አቶ ታረቀኝ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ሲሆኑ የቅሬያችን ሊቀ መንበር ናቸው። የታች ሰፈር ሰዎች በስብሰባው አልተጠሩም። በሩ የሚቆመው በእኛ በኩል ስለሆነ አያገባቸውም ተባለ።

ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ሰው ለሁሉም ነገር ጸሐፊ ይደረጋል። አቶ ዘይኑልአቢዲን ተነስተው "ሪያድ ጎልማሳነቴን የጨረስኩት የሰው ኮምፓውንድ በር ስከፍትና ስዘጋ ነው። አሁን ደግሞ ለእኔ አንድ ሰው ቢከፍትልኝ ምናለበት ጀማዓ?" ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴቶቹ ስለ ልጆች መታፈን የሰሙትን ተናገሩ። ደሴም ኮምቦልቻም እንዲህ ያለ ሰፈር አለ፣ እኛ ምን አነሰን የሚልም ነበር። አባቴ አቶ ደሳለኝ ብቻ እጁን አውጥቶ "ለቅሶ ሲመጣ በየት ይገባል?" ብሎ ጠየቀ። አቶ ታረቀኝም "አይ ደሳለኝ! ለለቅሶ ደግሞ ማን ይዘጋል?" አሉት። አባቴ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም፤ እጅ ተቆጥሮ በሩ ይሠራ ተባለ። ታችኛው በር አስቀድሞ፣ በአስፋልቱ በኩል ያለው ደግሞ አቅም ሲገኝ እንዲሠራ ነበር ውሳኔው።

የእኔን ድርሻ ተጠይቄ፦ ደስ ብሎኝ ነበር። ከተመረቅሁ ወዲህ ያልደወልኩበት ድርጅት የለም። ከወረቀት ተነስቶ መሬት ላይ የቆመ አንድ ሥራ ሳልሠራ ዓመት ዓመትን ተካው። እዚህ ከተማ ብዙ የሚሠራ ነገር ይታየኛል፤ መንገድ ስሄድ እንኳ ጣሪያና ቦይ እያየሁ ነው የምሄድ። ስለዚህ ንድፉን ሌላ ሰው ሳይጠየቅ እኔ ሠርቼ ሰጠሁ። ለመኪና አንድ ትልቅ በር፣ ከጎኑ ለእግረኛ አንድ ትንሽ በር ነው። በያጁም ኢምራን ይሁን ብዬ ተከራከርኩ።

ኢምራን ጅዳ ብየዳ ሲሠራ ቆይቶ፣ ኩላሊቱን ታሞ የተመለሰ ልጅ ነው። ሐኪም ከቀዝቃዛ ውሃ ራቅ ስላለው ከአባቱ ጋር ታንኳ ላይ መውጣት ትቶ፣ በተዋሰው ማሽን መስኮትና አልጋ ይበይድ ነበር። ንድፉን ሳሳየው ሳቀብኝ።

"እህቴ፣ አምስት ዓመት ተምረሽ የመጀመሪያ ሥራሽ እኔን ከሰፈርሽ ማስወጣት ሆነ?"

"አንተን አይደለም፣ ሌባን ነው" አልኩት።

"ሌባማ በላይ በኩል ነው የሚመጣ፣ በመኪና። በታች የሚመጣ ዓሣ የያዘ ነው" አለኝ። ቀልዶ ሲጨርስ ግን ሥራውን ተቀበለ። ጥሩ አድርጎ ሠራው። ቱቦላሬውን ራሱ ደሴ ሄዶ መረጠ። የትንሹን በር ስፋት ለክቼ ሰጥቼው ሳለ ክፈፉ መሃል ቆሞ በትከሻው ሞከረው፤ የተማረ ሰው ሜትር አላምንም ብሎ አሳቀኝ።

በሩ እንዴት ሊነሳ እንደቻለ ተጠይቄ፦ የትልቁ በር ማጠፊያዎች ጫፋቸው ተበይዷል። የትንሹ ግን አልተበየደም፤ በሩ ወደ ላይ ከተገፋ ከማጠፊያው ይወጣል። ማጠፊያዎቹ ያሉት በውስጥ፣ በላይ ሰፈር በኩል ነው። በወቅቱ ይህን አይቼ "ጫፉን በየደው እንጂ፣ ሌባ ይነቅለዋል" ብዬው ነበር። እሱም "አብሽሪ። ለቀለም ሲነሳ ይመቸናል። ደግሞ ከውስጥ ካልሆነ አይነቀልም፤ ከውስጥ ያለ ሰው ሌባ አይደለም" አለኝ። ይህን ከእኔና ከእሱ በስተቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አቶ ሀሚዱ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ይህ እንዲሰመርበት እጠይቃለሁ።

በሩ ሚያዝያ ላይ ቆመ። ቁልፉን አቶ ታረቀኝ ያዙ። መጀመሪያ ከመግሪብ በኋላ ነበር የሚዘጋ። ቆይቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ መዘጋት ጀመረ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰፈሩ ጭር ካለ ቀንም ይዘጋ ነበር። ይህን የወሰነ ስብሰባ የለም፤ ቁልፍ የያዘ ሰው መዝጋት ይቀለዋል። ኢምራን እየደከመ ሲሄድ ባጃጅ ወደ ታች አልወርድም ስለሚል፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ በሩ ድረስ በእግሩ ይወጣና ካልተከፈተ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይደውልልኝ ነበር። እኔም አቶ ታረቀኝ ቤት ሮጬ ቁልፍ እየለመንኩ አስከፍት ነበር። አንድ ቀንም ከልክለውኝ አያውቁም። ክፉ ሰው አይደሉም። የኢምራን አያት የሞቱ ጊዜ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እሁድ ነሐሴ 18 ነው። ሐይቁ ዳር ስለምንሠራው የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት አወራን፤ ንድፉን ከሠራሁለት ቆይቷል፣ ትራሱ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው። የማክሰኞውን የሥራ ቃለ መጠይቅ አስታውሶ "እንዳትፈሪያቸው፣ ቶሎ ቶሎም አታውሪ" አለኝ። ስወጣም "በሩ ዝገት ጀምሮታል፤ ክረምቱ ይውጣና አንስተን እንቀባዋለን፣ ኢንሻአላህ" አለኝ።

የማክሰኞ ነሐሴ 20 ቀንን ሁኔታ ተጠይቄ፦ ሰኞ ማታ የአንዲት የላይ ሰፈር ነዋሪ እናት አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ማረፋቸው ተሰማ። በቅሬያችን ደንብ ለሩቅ ለቅሶም ቢሆን ከየቤቱ ሰው ይሄዳል። የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ግን ነውሩ ይከብዳል። ለፋፊው ጡሩምባውን ይዞ ሲዞር በሩ ተዘግቶ ስለነበር ወደ ታች ሰፈር አልወረደም። ከአንድ ቅሬ ግማሹ ሳይሰማ አደረ። ማክሰኞ በማለዳ ላይ ሰፈር በሙሉ ሚኒባስ ተኮናትሮ ሄደ። አቶ ታረቀኝ ሰፈሩ ባዶ ስለሚውል ትልቁንም ትንሹንም በር ቆልፈው፣ የዕቃ ቤቱንም ቁልፍ ጨምረው ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ሄዱ። አባቴና እናቴም ሄዱ። እኔ የቀረሁት ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የግንባታ ድርጅት በዚያ ቀን በስልክ ቃለ መጠይቅ እንደሚያደርግልኝ ስለነገረኝ ነው።

ኢምራን በዚያው ዕለት ሊነጋጋ ሲል አርፏል። እኔ አልሰማሁም። አቶ ሀሚዱ ጠዋት ወደ በሩ ሰው ልከው ቢያስመቱ የመለሰ አላገኙም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር፣ እኔም ኋላ ክፍል ሆኜ ለጥያቄ እዘጋጅ ስለነበር ምንም አልደረሰኝም። ለአቶ ታረቀኝ ቢደውሉም ስልኩ አልተነሳም። የእኔ ስልክ ቁጥር ያለው በኢምራን ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩን የሚከፍተው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከድርጅቱ ተደወለልኝ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ነበሩ የሚጠይቁኝ። ሴትየዋ "እስካሁን ንድፉን ሠርተሽ በተግባር የተሠራ ሥራ አለሽ?" አለችኝ። አዎ፣ አንድ በር አለ አልኳት። ስለ ክፈፉና ስለ ማጠፊያው ማስረዳት ጀመርኩ። ዝናቡ ቀለል ብሎ ስለነበር ከታች በኩል የብዙ ወንዶች ድምፅ ሰማሁ። ላ ኢላሀ ኢለላህ እያሉ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እየቀረቡ መጥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ቆመ። ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ።

በሩ ሥር ባለው ክፍተት የሚታየኝ እግር ብቻ ነበር። ጭቃ የለበሰ ብዙ እግር። ማን እንደሞተ አልጠየቅሁም። "አባ!" ብዬ ተጣራሁ።

አቶ ሀሚዱ በበሩ ማዶ ሆነው "አርሴማ ነሽ? ኢምራን መጥቷል ልጄ፣ ክፈችለት" አሉኝ።

መርማሪው እዚህ ላይ ውሃ ሰጥተውኝ ጥቂት አርፌ ቀጥያለሁ።

ቃለ መጠይቁን ዘግቼ ለአቶ ታረቀኝ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሱት። ኢምራን ማረፉን፣ ጀናዛው በሩ ላይ መቆሙን ነገርኳቸው። እሳቸውም "ኧረ! ምን ትያለሽ! አይ ኢምራን፣ ነፍስ ይማር" አሉ። ከዚያ "ቁልፉማ ኪሴ ነው ያለ። በባህር ዛፉ በኩል አይዞሩም?" አሉኝ። ውሃ ሞልቶታል አልኳቸው። "እንግዲያ ትንሽ ይታገሱና። እዝኑ አሁን ገና ቀረበ፣ እዝን ሳይቀምሱ ለቅሶ ቤት ጥሎ መነሳት ነውር ነው ልጄ፤ ሰው ምን ይለናል" አሉ። በሩን ላንሳው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "እንዳትነኪ! ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የሕዝብ ነው" ብለው መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አልሠራም።

ይህን ለአቶ ሀሚዱ ነገርኳቸው። ከሰዎቹ አንዱ "ይዘነው ብንመለስስ፣ እስኪመጡ?" ሲል ሰማሁት። አቶ ሀሚዱም "ጀናዛ ከቤቱ ከወጣ አይመለስም። እናቱ ተሰናብታዋለች፤ ሁለተኛ አላሰናብታትም" አሉ። ዙሁር ደርሶ ነበር፤ ከመስጊድ አዛኑ ይሰማል፤ መቃብሩም ተቆፍሮ ውሃ እየገባበት ነው። መሬት እንዳያስቀምጡት ተራ እየተቀያየሩ ተሸክመው ቆሙ።

ይህን ጊዜ ነው በሩን ያነሳሁት። የታንኳ መቅዘፊያ በበሩ ሥር አሾልከው እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። መቅዘፊያውን ከትንሹ በር ሥር አስገብቼ በድንጋይ አስደግፌ ወደ ላይ ተጫንኩ። እነሱም ከማዶ በእጃቸው ገፉ። በመጀመሪያው አልወጣም፤ በሁለተኛው ከማጠፊያዎቹ ወጣ። መቀርቀሪያው በሩ ላይ ያለ ስለሆነ፣ በሩን ወደ ጎን ስስበው ጫፉ ከክፈፉ ተንሸራቶ ወጣ። የተሰበረ፣ የታጠፈ ወይም የተቆረጠ ነገር የለም። ጓጉንቸሩ አሁንም እንደተቆለፈ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። መርማሪው ሄደው በዓይናቸው ቢያዩት እውነቱን ይነግራቸዋል።

በሩ ቢነሳም ሌላ ችግር ሆነ። የቅሬው ቃሬዛ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ስለነበር ኢምራንን የያዙት በራሱ የገመድ አልጋ ነው። አልጋው ከትንሹ በር ይሰፋል። በጎኑ አዘንብለው ሞከሩ፤ ጀናዛ ግን አይዘነበልም። እኔ ነኝ "በሩ ላይ አድርጉት" ያልኳቸው። በሩ ከገዛ ክፈፉ የጠበበ ስለሆነ ማለፉ አይቀርም። አንድ ሰውዬ ጋቢውን አውልቆ ላሜራው ላይ አነጠፈ። ከአልጋው ወደ በሩ አዛወሩት። የተገነዘበት ከፈን ዝናብ ነክቶት በትከሻው በኩል ከገላው ተጣብቆ ነበር። ክፈፉን ሳይነካ አለፈ።

እንደ ወጉ ሴት ቀብር አትከተልም። እኔ በክፈፉ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። አቶ ሀሚዱ ዞር ብለው "ነይ፣ እስከ አስፋልቱ ሸኚው፤ እህቱ አይደለሽ" አሉኝ። እስከ አስፋልቱ ተከተልኩ። ከዚያ ተሻግረው ሄዱ።

የተሸከሙትን ሰዎች ስም ተጠይቄ፦ ተራ በተራ ነው የተሸከሙት። ጀናዛ በመሸከሙ እንዲከሰስ የማንንም ስም አልሰጥም። የእኔ ስም ከላይ ተጽፏል፤ እሱ ይበቃል።

ከቀብር በኋላ የሆነውን ተጠይቄ፦ ወደ አሥር ሰዓት ግድም የውጫሌዎቹ ሚኒባሶች ተመለሱ። የላይ ሰፈር ሰዎች የለቅሶ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን እንዳዘቀዘቁ፣ በተከፈተው ክፈፍ ዙሪያ ቆሙ። ወዲያው አቶ ሀሚዱና ሰዎቻቸው፣ ከመቃብሩ ውሃ ሲቀዱ ቆይተው፣ በሩን ተሸክመው ከቀብር መጡ። ሊመልሱት ነው ያመጡት። ይህን ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ለቅሶኛ ፊት ለፊት ተገናኘ።

አቶ ሀሚዱ ሰላምታ ሰጡ። አቶ ዘይኑልአቢዲን ብቻ በዝግታ መልሰው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አንድ ሰው "አላህ ያጽናህ" ቢል፣ አንድ ሰው "እግዚአብሔር ያጥናዎት" ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ለማለት የፈለገ ይመስለኛል። ግን ሁሉም አቶ ታረቀኝ እስኪጀምሩ ጠበቀ፤ በቅሬያችን የሐዘን ቃል የሚጀምር ሊቀ መንበሩ ነው። አቶ ታረቀኝ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። ከሐዘን ይሁን ከእፍረት አላውቅም። አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው "ይሄን ማን ነው ያደረገ?" የሚል ሆነ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዝም በይ!" አሉኝ።

አባቴ "ታረቀኝ፣ መጀመሪያ ለቅሶ እንድረስ" ቢላቸውም አልሰሙትም። አቶ ሀሚዱ በሩን ወደ ክፈፉ አስጠግተው ሊያስገቡ ሲሉ፣ አቶ ታረቀኝ "ሕግ ሳያየው ማንም እንዳይነካው፣ እዚያው መሬት ላይ ይቀመጥ" አሉ።

አቶ ሀሚዱ በሩን አላስቀመጡትም። "ልጄ የተኛበት ነው፤ መንገድ ላይ አይጣልም። እኔ ቤት ይደር። ስትፈልጉት ኑና ውሰዱት ታረቀኝ፤ ለቅሶ ቤት አይዘጋም" ብለው ይዘውት ወረዱ። የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። አልሰደቡም፣ አልዛቱም። ስርቆት የተባለው ይህ ነው።

በዚያ ማታ ከላይ ሰፈር ወደ ታች የወረድን እኔ፣ አባቴና እናቴ ብቻ ነን። ረቡዕ ጠዋት ፖሊስ መጥቶ አቶ ሀሚዱን ሲወስድ እዚያው ነበርኩ። ለቅሶኞቹ ሲንጫጩ ወይዘሮ መስኡዳ ዝም አሰኟቸው።

በሩ አሁን የት እንዳለ ተጠይቄ፦ በአቶ ሀሚዱ ግቢ፣ በስተግራ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ወይዘሮ መስኡዳ የመቃብሩን ጭቃ በገዛ እጃቸው አጥበውለታል። ልርዳዎት ብላቸው አልፈቀዱልኝም። ኢምራን ሳይቀባው የቀረውን፣ ዝገት የጀመረውን ቦታ ሲያጥቡ እጃቸው እዚያ ላይ ቆየ። እማ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይህን በር እኔ ነኝ ያመጣሁት አልኳቸው። "ዝም በይ ልጄ። ልጄ የሠራው ነው፤ አሳልፎልኛል" አሉኝ።

አቤት ባዮቹ በሩን ለምን እስካሁን እንዳልወሰዱት ተጠይቄ፦ የከለከላቸው የለም። ግቢው ክፍት ነው፤ መዝጊያ የሚባል ነገር የለውም፣ ድሮም አልነበረውም። የሚመስለኝን ልናገር ከተባለ፣ በሩን ለመውሰድ ግቢው መግባት ያስፈልጋል። ግቢው የገባ ሰው ደግሞ ወይዘሮ መስኡዳ ፊት ሳይቀመጥ፣ የሐዘን ቃል ሳይናገር በር ተሸክሞ ሊወጣ አይችልም። ይህን ላይ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መምጣት ቀለላቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሩ ለማስረጃ የሚያስፈልግ ከሆነ ፖሊስ ሄዶ እንዳያመጣው። አቤት ባዮቹ ራሳቸው ሄደው ያምጡት። አቶ ታረቀኝ ቁልፉን ይዘው ይሂዱ። አቶ ሀሚዱም ከዚያ በፊት ወደ ቤታቸው ይመለሱ፤ አባት የሌለበት ለቅሶ ለመጣው ሰውም ለመቀመጥ አይመችም።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ በዚያ በኩል አልፌ ነበር። ወይዘሮ መስኡዳ ከበሩ ሥር አዲስ ሰሌን አንጥፈው አየሁ። ለማን ነው ብዬ ስጠይቃቸው "ለላይ ሰፈሮች ነዋ። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሲመጡ የት ይቀመጣሉ?" አሉኝ። እስከወጣሁበት ሰዓት ድረስ ማንም አልተቀመጠበትም።

ይህን ቃል መርማሪው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንብበውልኛል። ከላይ "ተጠርጣሪ" የተባለው "የሟች አባት" እንዲባል ጠይቄ፣ ቅጹ አይፈቅድም ተብያለሁ። የቀረው ቃል በቃል የእኔ ነው። አንዲት ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ ተስማምቼ፣ ከተባልኩም እንደ ምስክር ሳይሆን በሩን እንዳነሳ ሰው ልቀርብ ፈቅጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አርሴማ ደሳለኝ (ፈርማለች)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ፊርማ)

ሲነበብ የነበረ ታዛቢ፦ ደሳለኝ፣ የምስክር አባት (ፈርመዋል)